ኩርባው ላይ የቀሩት ድንጋዮች

እኔ ልጆችን የመንገድ ምልክት አስተምራለሁ። ሳስበው ወላሂ ያስቀኛል፣ ከዚያ ደግሞ አንጀቴ እርር ይላል። መጽሐፉ ላይ ጠርዙ ቀይ የሆነ ሦስት ማዕዘን አለ፤ «ተጠንቀቅ» ማለት ነው። ክብ አለ፤ «ክልክል ነው» ማለት ነው። እኔ በጠመኔ ሰሌዳው ላይ እስላለሁ፣ እነሱ ደብተራቸው ላይ ይገለብጣሉ፣ ፈተና ሲመጣ ሁሉም ይደፍኑታል። ደወል ሲደወል ከግቢው ግር ብለው ይወጡና አስፋልቱን እየሮጡ ይሻገራሉ። እዚያ አስፋልት ላይ ከሳልኩላቸው ውስጥ አንዱም የለም። አንዷ ተማሪዬ አንድ ቀን እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ ይሄ ምልክት የየት አገር ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። የኛ ነው አልኳት። አላመነችኝም፤ እኔም በሷ ቦታ ብሆን አላምንም ነበር።

ከተማችን መካነ ሰላም ጽሑፍ ጠፍቶ አይደለም፤ ማስጠንቀቂያ እንደሆነ ሞልቷል። «እዚህ መሽናት በጥብቅ ክልክል ነው» የሚለው ግድግዳ ሥሩ ዓመቱን ሙሉ እርጥብ ነው፣ አላፊው ሁሉ አፍንጫውን ይዞ ነው የሚያልፈው። ጤና ጣቢያ «ጸጥታ ይከበር» ከሚለው ሥር ተራ የሚጠብቀው ሰው ይጯጯሃል፣ ካርድ የምታወጣዋ ደግሞ ከሁሉም በላይ ትጮኻለች። ጎረቤቴ በሩ ላይ «ኃይለኛ ውሻ አለ» ብሎ ጽፏል፤ ውሻው የሞተው እኔ ወደዚህ ሰፈር ሳልመጣ ነው። እኛ ዘንድ ማስጠንቀቂያ የሚገኘው አደጋው ከሌለበት ቦታ ነው። አደጋው ካለበት፣ ሰው ከሚሞትበት ኩርባ ላይ፣ ያለው ድንጋይ ብቻ ነው።

የድንጋዩን ነገር ለማያውቅ ሰው ልንገር። ከደሴ ወደ እኛ በሚመጣው መንገድ ላይ መኪና ሲበላሽ፣ ጎማ ሲፈነዳ፣ ሾፌሩ መጀመሪያ የሚያደርገው ዘሎ ወርዶ ድንጋይ መፈለግ ነው። ትልልቁን ጎማው ሥር ታኮ ያደርገዋል፣ መኪናው እንዳይንሸራተት። ሌላውን ከፊትም ከኋላም አስፋልቱ ላይ ይደረድርና የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ጣል ያደርግበታል፣ የሚመጣው አይቶ እንዲያዘግም። እስከዚህ ድረስ ማንም ቅር አይለውም፤ ትሪያንግል ያለው ሾፌር እንኳን የሚያምነው ድንጋዩን ነው። ጉዱ ያለው ከዚያ በኋላ ነው። መኪናው ይጠገናል፣ ሾፌሩ እጁን በጨርቅ ይጠርጋል፣ «አልሐምዱሊላህ» ወይም «ተመስገን» ይላል፣ ሞተሩን አስነስቶ ይሄዳል። ድንጋዩ እዚያው ይቀራል። ቅርንጫፉን እንኳን ማገዶ የሚፈልግ ሰው ያነሳዋል፤ ድንጋዩን ግን ማን ይፈልገዋል?

ባለቤቴ ያነሳ ነበር። ከመካነ ሰላም ደሴ የሚመላለስ ሚኒባስ ላይ ሾፌር ነበር። መንገድ ላይ የተተወ ድንጋይ ካየ ተሳፋሪ ሞልቶም ቢሆን ዳር ይዞ ይቆማል፣ ይወርዳል፣ እያንዳንዱን ወደ ቦዩ ያንከባልላል፣ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ይመለሳል። ሾፌሮቹ «ድንጋይ ለቃሚው» የሚል ስም አወጡለት። መናኸሪያ ሲገባ አንዱ ከወዲያ «ዛሬ ስንት ኩንታል ጫንክ?» ይለዋል፣ ሌላው «ቤት ልትሠራ ነው እንዴ?» ይለዋል። እሱ ይስቃል። ከዚያ ሳቅ ጋር ተጣልቶ ማሸነፍ አይቻልም ነበር፤ እኔ ግን እጣላ ነበር።

አንድ ጊዜ ደሴ ለሕክምና አብሬው ስሄድ በዓይኔ አየሁት። ወርዶ ድንጋይ ሲያነሳ ተሳፋሪው ይነጫነጫል፤ አንዷ ሴትዮ «ይሄ ሰውዬ የመንገድ ሥራ ተቀጥሯል እንዴ?» ብላ እኔን ትጠይቀኛለች፣ ሚስቱ መሆኔን ሳታውቅ። አቀስታ ስንደርስ ድንጋዩን ጥሎ የሄደውን የጭነት መኪና አገኘነው፤ ሾፌሩ ምሳ እየበላ ነው። ባለቤቴ ሰላምታ ሰጥቶ በትሕትና «ወንድሜ፣ ታኮህን ረስተኸው መጣህ» አለው። ሰውዬው አልደነገጠም፣ አልተቆጣምም። «አልረሳሁትም» አለ እጁን ከትሪው ሳያነሳ፣ «ከኔ በኋላ ለሚበላሽበት ሰው ይሁነው ብዬ ነው የተውኩት። እኔ ድንጋይ ፍለጋ ስንት ደክሜያለሁ መሰለህ?» ለደግነት ብሎ ነው እንግዲህ። የኛ ሰው ሲገድልህም አስቦልህ ነው።

የባለቤቴ ነገር ዝም ብሎ የመጣ አመል አልነበረም። ገና ወጣት ሆኖ የጭነት መኪና ረዳት ሳለ፣ መሪ ያስጨበጠው ሾፌር በጉም ውስጥ ሲነዳ ማን እንደተወው ያልታወቀ ታኮ ላይ ወጣና መኪናው ተገለበጠ። ሾፌሩ እዚያው አረፈ፣ የኔ ሰው በተሰበረ እጅ ተረፈ። የኛን የክረምት ጉም የሚያውቅ ያውቀዋል፤ እጅህን ዘርግተህ ጣትህን አታያትም። አባቱ ደግሞ ቁርአን የሚያስቀሩ ሸኽ ናቸው። ሰው የሚጎዳ ነገር ከመንገድ ላይ ማንሳት ሰደቃ ነው እያሉ ነው ያሳደጉት። ስለዚህ ስከራከረው በአንድ በኩል የሞተው አስተማሪው፣ በሌላ በኩል ዲኑ ይመጣብኛል። ሁለቱንም አልችላቸውም።

የምፈራው አንድ ነገር ነበር፣ እሱንም ደብቄው አላውቅም። «አንድ ቀን እዚያው ኩርባ ላይ ትቀራለህ» እለው ነበር። ኩርባው ከከተማችን ወጣ ብሎ ነው፤ በአንድ በኩል ገደል፣ በሌላ በኩል ተቆርጦ የቆመ ቋጥኝ አለው። ከወዲያ የሚመጣው ከወዲህ ያለውን የሚያየው አጠገቡ ሲደርስ ነው። ዳገቱ እዚያ ስለሚያልቅ ጭነት የያዘ መኪና ሁሉ እዚያ ይሞቃል፣ እዚያ ይቆማል፣ ታኮውን እዚያ ትቶ ይሄዳል። ባለቤቴ እዚያ ቦታ ሳይወርድ ያለፈበት ቀን ጥቂት ነው።

«ሌላ ሾፌር የለም? መንግሥት የለም? የተፈጠረው ያንተ እጅ ብቻ ነው?» እለዋለሁ።

«ያየሁት እኔ ነኝ» ይላል። «ያላየ ምን ያድርግ።»

«እንደ ሌላው አይተህ እለፍ።»

«አልፌ እንዴት እንቅልፍ ይወስደኛል?»

«እኔንስ እንዴት ይወስደኛል?»

እዚህ ላይ የሆነ ቀልድ ፈልጎ ያስቀኛል፣ ጠዋት ተነስቶ ይሄዳል፣ እኔ እስኪመለስ ልቤ ተንጠልጥሎ እውላለሁ።

ኩርባው ላይ ድሮ ምልክት ነበረ። መንገዱ ሲሠራ የተተከለ፣ እኔ ልጆቹን የማስተምረው ዓይነት፣ ጠርዙ ቀይ የሆነ ሦስት ማዕዘን ቆርቆሮ። ብዙም አልቆየ። አንድ ቀን ምሰሶው ብቻውን ቆሞ ተገኘ፣ ቆይቶ ምሰሶውም ሄደ። ቆርቆሮውን ያገኘሁት እኔ ነኝ። ለቅሶ ልደርስ በሄድኩበት መንደር ውስጥ የዶሮ ቤት በር ሆኗል፤ ቀዩ ቀለም እንኳን አልለቀቀም፣ ኩርባውን የሚያሳየው ጥቁር ቀስት ወደ ታች ተዘቅዝቋል። ደሜ ፈላ። ለባለቤቴ ስነግረው «ተይው፣ ዶሮዎቹ እንኳን ይጠንቀቁ» ብሎ ሳቀ። በማግስቱ ግን ሥራውን ትቶ ወደ መንገድ ቢሮ ሄደ።

ቢሮ ያለው ሰው በክብር አስቀመጠው። «ጥያቄህ ትክክል ነው» አለው። ትክክል ነህ ሲሉህ ነው ተስፋ መቁረጥ። አንዴ በጀት አልተለቀቀም፣ አንዴ ኃላፊው ስብሰባ ነው፣ አንዴ ኃላፊው ተቀይሯል፣ አንዴ ነገሩ የኛ ሳይሆን የበላይ አካል ነው፤ የበላይ ጋ ሲሄድ ደግሞ የበታች ነው። በሩ ላይ «እርስዎን ለማገልገል ዝግጁ ነን» የሚል ተለጥፏል፣ እሱንም ከማስጠንቀቂያዎቹ ጋር ልቁጠረው። ተመላለሰ፣ ተመላለሰ፣ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉት። እሱ እንኳን በመጨረሻ መሳቅ አቆመ። «ቢያንስ ያንን የዶሮ ቤት በር ልግዛው ይሆን?» ብሎኝ ነበር፣ ግማሹ ቀልድ፣ ግማሹ የምር።

ምልክቱ እንደማይመጣ ሲገባኝ እኔው ሠራሁለት። ከቀይ መጋረጃዬ ቆርጬ ጠርዙን በስፌት መኪና ሰፋሁና ዱላ ላይ ቸነከርኩት። ውላችን ይሄ ነበር፤ እሱ ድንጋይ ሲያነሳ ረዳቱ ጨርቁን ይዞ ከኩርባው ወዲያ አልፎ ይቆማል፣ የሚመጣውን ያስቆማል። ከኩርባው ወዲያ። ይሄን ደጋግሜ ተናግሬያለሁ፤ አጠገብህ ቆሞ ቢያውለበልበው ላንተ ጭፈራ ነው እንጂ ለሚመጣው ሾፌር ምንም አይደለም ብዬዋለሁ። ረዳቱ ሁነኛ ሰው ነበር፣ እንዳልኩት ያደርግ ነበር። እኔም ትንሽ ቀለል አለኝ።

የሞተ ቀን ረዳቱ አልነበረም፤ እህቱን ሊድር አጅባር ሄዶ ነበር። ክረምት ነው፣ ጠዋት ነው፣ ጉሙ ከገደሉ ወጥቶ መንገዱን ሸፍኖታል። እኔ ክፍል ውስጥ ነበርኩ። የመንገድ ምልክት እያስተማርኩ ነበር ብል ለወሬ ያምር ነበር፤ ግን አልነበረም፣ ክፍልፋይ ነበር የማስተምረው። ርዕሰ መምህሩ በሩን ከፍቶ ቆሞ ሲያየኝ ጠመኔውን አስቀመጥኩ። «ኩርባው ላይ ነው?» አልኩት። መሬት መሬት አየ።

የሆነውን ኋላ ለቅሶ ላይ የነገረኝ ጨርቁን ይዞ የነበረው ተሳፋሪ ነው። ገበሬ ነው፣ ጨዋ ሰው፣ ከፊት ወንበር ተቀምጦ የነበረ። የተበላሸ የጭነት መኪና ኩርባው ላይ አድሮ ሲነጋ ተጠግኖ ሄዷል፣ ድንጋዩ መንገዱን ይዞ ቀርቷል። ባለቤቴ እንደ ልማዱ ዳር ይዞ ቆመና ጨርቁን ለዚህ ሰው ሰጠው። «ከኩርባው ወዲያ እለፍና ያዝልኝ፣ የሚመጣ ካለ አስቁም» አለው። ሰውዬው ወረደ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ ጉሙ ውስጥ ብቻውን መግባት ከበደው፤ ጥቂት ተራመደና ከኩርባው ወዲህ፣ ሚኒባሱ በሚታየው ቦታ ቆመ።

«አውለብልቤ ነበር እኮ እህቴ» አለኝ እያለቀሰ፣ «ክንዴ እስኪዝል አውለብልቤያለሁ።»

አልዋሸም፣ አውለብልቧል። ያየው ቋጥኙ ነው። ምን ልበለው? ጨርቁን አጥቦ፣ አጣጥፎ አምጥቶልኝ ነበር፤ ተቀበልኩት።

የመጣው የጭነት መኪና ነበር። ሾፌሩን አውቀዋለሁ፣ መናኸሪያ ላይ «ቤት ልትሠራ ነው እንዴ» ከሚሉት አንዱ ነው። ከኩርባው ሲወጣ ድንጋዩን ድንገት አየ፣ ከድንጋዩ ለመሸሽ መሪውን ጠመዘዘ። ባለቤቴ የቆመው በጠመዘዘበት በኩል ነበር። ጣቢያ ቃሉን ሲሰጥ «ድንጋዩን ሸሽቼ ነው» ብሏል አሉ። እውነቱን ነው። ድንጋይ ሸሽቶ ድንጋይ የሚያነሳው ሰው ላይ ወጣ።

ጀናዛው በዚያው ቀን ወጣ። ከዚያ ሰው መጣ፣ ድንኳን ሞላ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እኩል አለቀሰ። ሲስቁበት የከረሙት ሾፌሮች ተሰልፈው ገብተው «እንዴት ያለ ሰው ነበር፣ መንገድ የሚያጸዳ፣ ለሰው የሚያስብ» አሉ። አላህ ይርሐመው አሉ። አሚን አልኩ። ጥርሴን ነክሼ ነው አሚን ያልኩት፣ ልዋሽ አልችልም።

ለቅሶው እየሳሳ ሲመጣ አንደኛው ባልደረባው ጎኑ ለተቀመጠው ሰው በለሆሳስ ሲያወራ ሰማሁ። «ዛሬ የሱ ድንጋይ ሊጨርሰን ነበር» ይላል፣ «ለጥቂት ነው ያመለጥኩት።»

«የምን ድንጋይ?» አልኩ።

ሊነሳ ቃጣው።

«ድንጋይ የሱ የሚሆነው እንዴት ነው? ንገረኝ እንጂ።»

እየተንተባተበ ነገረኝ። ባለቤቴ ሲወድቅ የአካባቢው ሰው ደርሶ ጋቢ አልብሶታል። ሌላ መኪና ሬሳው ላይ እንዳይወጣ ዙሪያውን ድንጋይ ደርድሮ፣ ቅርንጫፍ ጥሎ ትራፊክ ፖሊሱን ጠብቋል። ፖሊሱ መጣ፣ ለካ፣ ጻፈ፣ ሬሳው ተነሳ። ድንጋዩ ግን እስከ ዛሬ እዚያው ነው።

ተነስቼ ልብሴን ደረብኩ። ሴቶቹ ያዙኝ። ዒዳ ላይ ያለች፣ ከቤት መውጣት የሌለባት ሴት፣ የባሏ አፈር ገና ሳይደርቅ፣ ወዴት ነው መንገድ ለመንገድ? ነውር ነው አሉኝ። እኔ የፈራሁት አማቼን ነበር፤ ኪታብ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። ከወንዶቹ መካከል ተቀምጠው ሁሉንም ሰምተዋል።

«አባባ፣ ድንጋዩ እዚያው ነው ይላሉ» አልኳቸው።

ከዘራቸውን ፈልገው ተነሱ። «እንግዲህ ነይ ልጄ» አሉ፣ «ለዚህስ አላህ አይቆጣሽም።»

ያ ሲያወራ የሰማሁት ሾፌር ራሱ ወሰደን። ስንደርስ ፀሐይ ወጥታለች፣ ጉም የለም፣ ሁሉም ነገር ጥርት ብሎ ይታያል። ድንጋዮቹ ሰው በሚያህል ቦታ ዙሪያ እንደተደረደሩ ናቸው፤ ራሱ በየት በኩል እንደነበረ፣ እግሩ በየት በኩል እንደነበረ ያስታውቃል። ቅጠሉ ደርቋል። ይባስ ብሎ መሐሉ ላይ ሌላ ድንጋይ ተከምሯል። ከመንገዱ በላይ ካሉት ቤቶች ሰዎች ወርደው ከበቡን። ለምንድን ነው ያላነሳችሁት ብዬ ጮኽኩባቸው። አንድ ሽማግሌ አንገታቸውን ደፍተው መለሱልኝ።

«ደሙ የፈሰሰበት ነው እኮ ልጄ፣ ድፍረት መሰለን። አላፊውም ይሄ ደግ ሰው የሞተበት ነው ሲሉት አንድ አንድ ጣል ያደርጋል፣ መታሰቢያ ይሁነው ብሎ።»

አክብረውት ነው። ወላሂ አክብረውት ነው። ዕድሜውን ሙሉ ሲያነሳ የኖረውን ድንጋይ አክብረው ከመሩበት።

ሾፌሩን ቅርንጫፍ ቆርጦ እንዲሄድ አደረግሁት። «ከኩርባው ወዲያ» አልኩት። «ከዚህ አንተን እስከማላይህ ድረስ ሂድ።» ሄደ። እኔ ጎንበስ ብዬ ማንሳት ጀመርኩ። ሰዎቹ ተይ እኛ እናነሳዋለን አሉ። እስከ ዛሬ የት ነበራችሁ አልኳቸው፤ ሽማግሌውን እንዲያ መናገር አልነበረብኝም ይሆናል፣ ግን ተናገርኩ። አማቼ ከዘራቸውን ለሽማግሌው አስያዙና አጠገቤ ጎንበስ አሉ። ወገባቸው ያማቸዋል፣ ለሶላት እንኳን ተቀምጠው ነው የሚሰግዱት። ከንፈራቸው ዱዓ ያደርጋል፣ እጃቸው ድንጋይ ያነሳል። ይሄን ሲያይ ሰዉም ገባበት።

ክምሩ እያለቀ ሲሄድ ከጠርዙ ሥር ከሌሎቹ የተለዩ ትልልቅ ድንጋዮች ወጡ። ጠርዛቸው በጎማ ጠቁሯል፣ ግራሶ ነክቷቸዋል። ታኮዎቹ ናቸው። ያ የጭነት መኪና ትቷቸው የሄደው፣ ባለቤቴ ሊያነሳቸው የወረደላቸው። ማንም አልነካቸውም። ሰው ሞተባቸው፣ ፖሊስ ለካባቸው፣ ሬሳ ተነሳ፣ መታሰቢያ ተከመረባቸው፣ እነሱ ከተቀመጡበት ንቅንቅ አላሉም።

ትልቁን ብቻዬን አልቻልኩትም። አማቼ በወዲያ በኩል ያዙልኝ፣ ቢስሚላህ አልን፣ ወደ ቦዩ አንከባለልነው። ግራሶው መዳፌ ላይ ቀረ። እጄን ቀሚሴ ላይ ጠርጌ ቀና አልኩ።

ሾፌሩ ቅርንጫፉን ጥሎ ከኩርባው ወዲያ ተመለሰ፣ እኛም ዳር ይዘን ቆምን። ወዲያው አንድ የጭነት መኪና ከከተማው በኩል መጣ። መንገዱ ነጻ ስለነበር ፍጥነቱን እንኳን ሳይቀንስ ባለቤቴ በወደቀበት ላይ አልፎ ሄደ።